ስሙን ሰውሮ እውነትን የገለጠው ብዕረኛ፦ ጆናታን ስዊፍት

ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1724 ነው። በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን አዋጅ ታወጀ። ስሙን ሳይገልጥ በጻፈው ደብዳቤ ሕዝቡን በመንግሥት ላይ አነሣሥቷል የተባለውን ሰው ለጠቆመ 300 ፓውንድ ወሮታ እንደሚከፈል ተነገረ። ገንዘቡ በዚያ ዘመን አንድ ጭሰኛ ዕድሜውን ሙሉ ለፍቶ የማያጠራቅመው ሀብት ነበር። ጸሐፊው ማን እንደ ሆነ ደግሞ በከተማዋ ያልጠረጠረ አልነበረም። ባለሱቁም፣ ሸማኔውም፣ አዋጁን ያስነገሩት ሹማምንትም ያውቁታል። ይሁን እንጂ ወሮታውን ሽቶ የመጣ አንድም ሰው አልተገኘም።

ያ ደብሊን በዝምታዋ የጋረደችው ሰው ጆናታን ስዊፍት ነው። በሙያው ካህን፣ በማዕረጉ የታላቅ ካቴድራል አለቃ፣ በብዕሩ ደግሞ ዓለም እስከ ዛሬ የሚያነብበው የስላቅ ደራሲ ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያለ አባት የተወለደ ልጅ

ስዊፍት ኅዳር 30 ቀን 1667 በደብሊን ከተማ ተወለደ። ስሙን የወረሰው አባቱ እርሱ ከመወለዱ ከወራት በፊት ሞቶ ነበር። እናቱ አቢጌል ኤሪክ እንግሊዛዊት ስትሆን፣ ባሏ ትቶላት የሄደው ሀብት ልጆች ለማሳደግ የሚበቃ አልነበረም። ሕፃኑ ገና ጡት ሳይጥል ሞግዚቱ ለእናቱ ሳትነግር ባሕር አሻግራ ዋይትሄቨን ወደምትባል የእንግሊዝ የወደብ ከተማ ይዛው ሄደች። እዚያም ሦስት ዓመት ያህል ቆየ። ሲመለስ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ የሚችል ሕፃን ሆኖ ነበር።

ከዚያ በኋላ እናቱ ወደ ትውልድ አገሯ ስትመለስ ልጁ በአጎቱ በጎድዊን ስዊፍት እጅ ቀረ። አጎቱ የሕግ ባለሙያና ባለጸጋ ነበር፤ የወንድሙን ልጅም በዘመኑ በአየርላንድ ስመ ጥር ወደ ነበረው ወደ ኪልኬኒ ትምህርት ቤት ሰደደው። ጆናታን የሚበላውና የሚለብሰው አላጣም፤ የሚማርበትም ተከፍሎለታል። ነገር ግን በሰው ቤት በሰው ቸርነት ያደገ ልጅ የሚሰማው ኀፍረት እስከ ሽምግልናው አልለቀቀውም። ስለ አጎቱ ውለታ ሲያነሣ ከምስጋና ይልቅ ምሬት ያይልበት ነበር።

በ14 ዓመቱ ወደ ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ። ታሪክና ቅኔ ይወድዳል፤ በዘመኑ የሚያስተምሩት የአመክንዮ ትምህርት ግን አልዋጥ አለው። ሕግ በመጣስም ተደጋጋሚ ቅጣት ደረሰበት። በ1686 የመጀመሪያ ዲግሪውን ያገኘው በመደበኛው መንገድ ሳይሆን በኮሌጁ ልዩ ችሮታ ነበር። በኋላ ዘመን ሊቃውንትን ሁሉ በብዕሩ የገረፈው ሰው፣ በወጣትነቱ በሊቃውንት ዘንድ ሰነፍ ተማሪ ተብሎ ነበር።

በሞር ፓርክ ቤት

በ1688 እንግሊዝ ንጉሧን አባርራ ሌላ ስታነግሥ አየርላንድ የጦር ሜዳ ሆነች። ብዙ ፕሮቴስታንት ቤተሰቦች ባሕር ተሻግረው ሸሹ፤ ስዊፍትም ከእነርሱ ጋር ወደ እናቱ ሄደ። ከዚያም ሰር ዊልያም ቴምፕል የሚባሉ ጡረታ የወጡ ዲፕሎማት በሞር ፓርክ መኖሪያቸው ጸሐፊ አድርገው ቀጠሩት። በዚያ ቤት የነበረው የመጻሕፍት ክምችት ለወጣቱ ሁለተኛ ዩኒቨርሲቲ ሆነለት። ነገሥታትና መኳንንት እንዴት እንደሚያስቡ፣ ሹመትና ምክር በጓዳ እንዴት እንደሚሸጥና እንደሚገዛ በቅርብ ያየው በዚያ ነው።

በዚያው ቤት የስምንት ዓመት ልጅ የነበረችውን ኤስተር ጆንሰንን አገኛት። ማንበብና መጻፍ ያስተማራት እርሱ ነው። በኋላ ስቴላ እያለ የሚጠራት ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ የልቡ ወዳጅ ሆና ኖረች። በዚያው ዘመን ደግሞ እስከ ሞቱ የተከተለው ሕመም ጀመረው፤ ድንገት ራሱን ያዞረዋል፣ ጆሮው ይደነቁርበታል፣ ያጥወለውለዋል። የኋላ ዘመን ሐኪሞች የውስጥ ጆሮ ሕመም እንደ ነበረ ይናገራሉ። በዘመኑ ግን መድኃኒቱ ቀርቶ ስሙም አይታወቅም ነበር።

ስዊፍት ሹመት ጠብቆ ሲዘገይበት ክህነት ተቀበለና በሰሜን አየርላንድ ኪልሩት በምትባል አጥቢያ ተመደበ። ስፍራው ብቸኝነት የበዛበት ሆነበት። ተመልሶም ቴምፕል በ1699 እስኪሞቱ ድረስ በሞር ፓርክ ቆየ።

የላራኮር ቄስ

በ1700 በሚዝ አውራጃ የላራኮር አጥቢያ ቄስ ሆነ። ምእመናኑ ጥቂት ነበሩ፤ ለስብከቱ የሚሰበሰበው ሰው 15 ያህል ነበር። ስዊፍት ግን ስፍራውን ወደደው። በወንዙ ዳር አኻያ ተከለ፣ የፍራፍሬ አትክልት አለማ፣ ቤተ ክርስቲያኑንም አደሰ። በ1701 ስቴላ ከወዳጇ ከሬቤካ ዲንግሊ ጋር ወደ አየርላንድ መጥታ በአቅራቢያው መኖር ጀመረች።

በ1704 ስሙን ሳያወጣ ያሳተመው መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ዝናና መዘዝ አመጣለት። መጽሐፉ ከአባታቸው አንድ አንድ ካባ ወርሰው ኑዛዜውን እንደየፍላጎታቸው እየተረጎሙ ካባውን ስላበላሹ ሦስት ወንድማማቾች ይተርካል። ሰሙ የካባ ነገር ነው፤ ወርቁ የክርስትና ሃይማኖት መከፋፈል ነው። አንባቢው ሳቀ፤ ንግሥት አን ግን አልሳቀችም። አንድ ካህን በሃይማኖት ነገር እንዲህ መቀለዱ ዘለፋ መስሎ ታያት። ያ ቅሬታ ስዊፍት ጳጳስ እንዳይሆን መንገዱን ከዘጉት ነገሮች አንዱ ሆነ።

በ1708 ደግሞ በለንደን ከተማ እስከ ዛሬ የሚወራ ቀልድ ፈጸመ። ጆን ፓርትሪጅ የሚባል ኮከብ ቆጣሪ በየዓመቱ አልማናክ እያሳተመ የሰዎችን ሞት ይተነብይ ነበር። ስዊፍት አይዛክ ቢከርስታፍ በሚል የፈጠራ ስም የራሱን ትንቢት አሳተመና ፓርትሪጅ መጋቢት 29 ሌሊት በትኩሳት እንደሚሞት ተናገረ። ቀኑ ሲደርስ ትንቢቱ መፈጸሙን የሚያረዳ ሌላ ጽሑፍ አወጣ። ኮከብ ቆጣሪው በሕይወት እንዳለ ቢምልም ቢገዘትም የሚሰማው አጣ። ስዊፍትም መልሶ ሰውየው በእርግጥ መሞቱን በማስረጃ የሚያረጋግጥ ጽሑፍ አሳተመ። ከተማው ሳቀ፤ በሰው ፍርሃት የሚነግድ ጠንቋይ በራሱ ንግድ ተቀጣ።

በሥልጣን ደጃፍ

በ1710 ስዊፍት ለአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ወደ ለንደን ሄደ። ከአየርላንድ ካህናት ላይ ለዘውዱ የሚሰበሰበው ቀረጥ እንዲቀር መለመን የተላከበት ሥራ ነበር፤ ይህም ተሳካለት። በዚያው ዓመት የቶሪ ፓርቲ ሥልጣን ያዘ፤ መሪዎቹ ሮበርት ሃርሊና ሄንሪ ሴንት ጆን የሰውየውን ብዕር ኃይል ተረድተው ወደ ራሳቸው አቀረቡት። ስዊፍት የፓርቲውን ጋዜጣ አዘጋጀ። ከፈረንሳይ ጋር ለዓመታት የዘለቀው ጦርነት ጥቂቶችን እያበለጸገ አገሪቱን በዕዳ እንደሚያሰጥም የሚያሳይ መጽሐፍ በ1711 አሳተመ። መጽሐፉ በ1713 ለተፈረመው የዩትሬክት ሰላም የሕዝቡን ልብ ካዘጋጁት ጽሑፎች አንዱ ነው።

በእነዚያ ዓመታት የደብሊኑ ቄስ ከሚኒስትሮች ጋር ማዕድ የሚቆርስ፣ ባለጉዳይ ደጅ የሚጠናው ሰው ሆነ። ከባለቅኔው ከአሌክሳንደር ፖፕ፣ ከጆን ጌይና ከሐኪሙ ከጆን አርበትኖት ጋር የዕድሜ ልክ ወዳጅነት መሠረተ። የየቀኑን ውሎ ደግሞ ማታ ማታ እየጻፈ ወደ ስቴላ ይልክ ነበር። እነዚያ ደብዳቤዎች ተሰብስበው ዛሬ የዘመኑን ቤተ መንግሥት ውስጠ ምስጢር ከሚገልጡ ሰነዶች መካከል ናቸው።

ለሌሎች ሹመት ያስገኘው ሰው ለራሱ የተመኘውን አላገኘም። በእንግሊዝ ጳጳስ መሆን ፈልጎ ነበር፤ የተሰጠው ግን በደብሊን የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል አለቃነት ነው። በ1714 ንግሥት አን ሞተች፤ የስዊፍት ወዳጆች ከሥልጣን ወደቁ፤ አንዳንዶቹ ታሰሩ፣ አንዳንዶቹ ተሰደዱ። እርሱም ወደ አየርላንድ ሲመለስ ወደ ግዞት እንደሚሄድ ሰው ልቡ ተሰብሮ ነበር። ዕድሜው 46 ነው። ሕይወቱ ያለቀች መሰለው፤ ነገር ግን ስሙን ለዘለዓለም ያስጠሩት ሥራዎቹ ገና አልተጻፉም ነበር።

የጭሰኛው አገር

ስዊፍት የተመለሰባት አየርላንድ ለም መሬትና የተራበ ሕዝብ የነበራት አገር ናት። አብዛኛው ሕዝብ ካቶሊክ ሲሆን፣ በሕግ መሬት መግዛት ተከልክሏል፤ ቢከራይም ከ31 ዓመት በላይ ውል መያዝ አይችልም። ባለርስቶቹ አብዛኞቹ ከእንግሊዝ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በለንደን እየኖሩ ግብሩን ብቻ ያስመጣሉ። ገበሬው መሬቱን ቢያሻሽል ውሉ ሲያልቅ ኪራዩ ይጨመርበታል። ስለዚህ ማንም ዛፍ ለመትከል፣ አጥር ለማጠር፣ ቤት ለመሥራት አይደፍርም ነበር።

በዚህ ላይ የእንግሊዝ ፓርላማ የአየርላንድን ንግድ በሕግ አሰረው። የአየርላንድ ከብት ወደ እንግሊዝ እንዳይገባ ተከለከለ። በ1699 ደግሞ የአየርላንድ የሱፍ ጨርቅ ወደ ውጭ አገር እንዳይሸጥ ታገደ። ሸማኔዎች ሥራ ፈቱ። ባለርስቶች እህል ከሚያመርት ጭሰኛ ይልቅ በግ የሚያሰማራ ተከራይ ይሻለናል ብለው እርሻውን ወደ ግጦሽ ለወጡት፤ አንዳንዶቹም በኪራይ ውላቸው ውስጥ ማረስን የሚከለክል አንቀጽ አስገቡ። ክረምቱ ከፍቶ አዝመራ ሲጠፋ አገሪቱ የምትበላው እህል አልነበራትም። የካቴድራሉ ሰፈር የሸማኔዎች ሰፈር ነበርና ስዊፍት በየቀኑ ከደጁ ሲወጣ የሚያየው ሥራ አጥና ለማኝ ነበር።

በ1720 ዝምታውን ሰበረ። የአየርላንድ ሕዝብ በአገሩ የተሠራውን ጨርቅ ብቻ እንዲለብስ የሚመክር ትንሽ ጽሑፍ ያለ ስሙ አወጣ። መንግሥት ደራሲውን ማግኘት ቢያቅተው አታሚውን ኤድዋርድ ዋተርስን ከሰሰ። ፍርድ እንዲሰጡ የተመረጡት ዜጎች ሰውየውን ነጻ ቢሉትም ዋናው ዳኛ ዊትሼድ ውሳኔያቸውን እንዲለውጡ ዘጠኝ ጊዜ መልሶ ላካቸው። በመጨረሻ ዜጎቹ ቢደክሙም ክሱ ውሎ አድሮ ተቋረጠ።

የጨርቅ ነጋዴው ደብዳቤዎች

በ1722 ዊልያም ዉድ የሚባል እንግሊዛዊ የብረት ነጋዴ ለአየርላንድ የመዳብ ሳንቲም እንዲያመርት የንጉሥ ፈቃድ አገኘ። ፈቃዱ 100,800 ፓውንድ የሚያወጣ ሳንቲም ለማውጣት የሚያስችል ነበር። ፈቃዱን በቅድሚያ ያገኘችው የንጉሡ እመቤት የኬንዳል ዱቼስ ስትሆን ለዉድ የሸጠችለት በ10,000 ፓውንድ ነው። የአየርላንድ ፓርላማ አልተጠየቀም፤ ሕዝቡም አልተማከረም። ነጋዴዎች ሁሉ የፈሩት አንድ ነገር ነበር፤ ርካሹ መዳብ አገሩን ሲሞላ ወርቁና ብሩ ተጠራርጎ ይወጣል፣ የገበያው ዋጋም ይናወጣል።

በ1724 መጀመሪያ ላይ አንዲት ርካሽ ጽሑፍ በደብሊን ጎዳናዎች ተሸጠች። ጸሐፊው በከተማዋ ሱቅ ያለው ተራ የጨርቅ ነጋዴ ነኝ ይላል። የሚናገረውም ለባለሱቆች፣ ለገበሬዎችና ለተራው ሕዝብ ነው። ቋንቋው እንደ ገበያ ወሬ ግልጽ ነው፤ ስሌቱም ማንም ሊከተለው የሚችል ነው። ይህ ሳንቲም ከገባ ባለርስቱ ግብሩን የሚሰበስበው በፈረሶች አስጭኖ ነው፤ የቤት እመቤትም አስቤዛ ልትገዛ ስትወጣ ገንዘቧን በጋሪ ታስከትላለች እያለ ያስቃል። ከዚያም ሳቁን ወደ ቁጣ፣ ቁጣውን ወደ ተግባር ይመልሰዋል። ሕጉ መዳብን እንድትቀበሉ አያስገድዳችሁም፤ ስለዚህ አትቀበሉ ይላል።

መንግሥት ሳንቲሙን ለታላቁ የሳይንስ ሊቅ ለአይዛክ ኒውተን አስመረመረ። ኒውተን የዘውዱ ማተሚያ ቤት ኃላፊ ነበርና የቀረቡለትን ናሙናዎች መርምሮ መስፈርቱን ያሟላሉ አለ። ስዊፍት መልሶ ተመርጦ የቀረበ ናሙና ስላልቀረበው ሳንቲም ምን ሊመሰክር ይችላል ሲል ሞገተ። በእርግጥ ስለ መዳቡ ጥራት የጻፈው ግነት ነበረበት። የክርክሩ እምብርት ግን መዳቡ አልነበረም። በአራተኛው ደብዳቤ ላይ ነገሩን አፍርጦ ተናገረ፤ የአየርላንድ ሕዝብ በእግዚአብሔርም በተፈጥሮም ሕግ ከእንግሊዝ ወንድሞቹ እኩል ነጻ መሆን ይገባዋል፤ ያለ ፈቃዱም መገዛት ባርነት ነው አለ።

አዋጁ የወጣው በዚህ ደብዳቤ ምክንያት ነው። አታሚው ጆን ሃርዲንግ ታሰረ፤ ብዙም ሳይቆይ በ1725 ሞተ። ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚወስነው የዜጎች ጉባኤ ግን እምቢ አለ። ያው ዳኛ ዊትሼድ ተቆጥቶ ጉባኤውን በተነው፤ ተተኪው ጉባኤ ደግሞ ጸሐፊውን በመክሰስ ፈንታ የዉድን ሳንቲም ወደ አገር የሚያስገቡትን የሚያወግዝ ሰነድ አወጣ። በደብሊን ሰዎች አፍ የሳኦል ልጅ የዮናታን ታሪክ ይነገር ጀመር። በመጽሐፈ ሳሙኤል ንጉሡ በዮናታን ላይ ሞት ሲፈርድ ሕዝቡ ታላቅ ማዳን ያደረገው ሰው አይሞትም ብሎ እንዳዳነው ሁሉ፣ ደብሊንም የራሷን ዮናታን ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆነችም።

በ1725 ፈቃዱ ተሰረዘ፤ ዉድም ካሳ ተከፍሎት ተሰናበተ። የስዊፍት ምስል በየሱቁ ተሰቀለ፤ ከጉዞ ሲመለስ ደወል ተደወለለት፣ ደመራም ተለኮሰለት። አየርላንድን እንደ ግዞት ምድር ይቆጥር የነበረው ሰው የአየርላንድ ጠበቃ ተባለ።

ጉሊቨር የተጓዘባቸው አገሮች

በ1726 ስዊፍት አንድ የእጅ ጽሑፍ ይዞ ወደ ለንደን ተሻገረ። ጽሑፉ በሌላ ሰው እጅ ተገልብጦ፣ በሐሰት ስም በጻፈው ደብዳቤ ታጅቦ በምስጢር ለአታሚው ለቤንጃሚን ሞት ደረሰ። በጥቅምት 28 ቀን መጽሐፉ ታተመ፤ የመጀመሪያው ኅትመት በሳምንት ውስጥ አለቀ። ርእሱ ሌሙኤል ጉሊቨር የተባለ የመርከብ ሐኪም ወደ ሩቅ አገሮች ያደረጋቸውን ጉዞዎች ይናገራል።

በመጀመሪያው ጉዞ ጉሊቨር ነዋሪዎቿ ከስንዝር የማይበልጡ የሊሊፑት ደሴት ይደርሳል። እነዚህ ደቃቅ ሰዎች ንጉሥ፣ ጦርና ሸንጎ አላቸው። ሹመት የሚገኘው በቀጭን ገመድ ላይ በመጨፈር ነው፤ ከፍ ብሎ የዘለለ ከፍ ያለ ወንበር ያገኛል። ከጎረቤታቸው ጋር የሚዋጉትም የተቀቀለ እንቁላል በየትኛው ጫፍ ይሰበር በሚል ጠብ ነው። የዘመኑ አንባቢ ገመድ ጨፋሪው የገንዘብ ሹም የእንግሊዝ መንግሥት መሪ የነበረው ሮበርት ዋልፖል መሆኑን ለማወቅ አልተቸገረም።

በሁለተኛው ጉዞ ነገሩ ይገለበጣል። ጉሊቨር ሰዎቿ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት በሚረዝሙባት በብሮብዲንግናግ እንደ ነፍሳት አንሶ ይታያል። ለንጉሡ ስለ አገሩ ጦርነት፣ ፍርድ ቤትና ምርጫ በኩራት ሲያወራ ንጉሡ በጥያቄ ያፋጥጠዋል፤ መልሱን ሰምቶም ይጸየፋል። ጉሊቨር የባሩድን ምስጢር ሊያስተምረው ቢል አልፈልግም ይለዋል። በዚያ ንጉሥ ሚዛን፣ በአንድ ማሳ ላይ የሚበቅለውን እህል እጥፍ ማድረግ የቻለ ገበሬ ከፖለቲከኞች ሁሉ ይልቅ ለአገሩ የጠቀመ ነው። ስዊፍት ይህን ሲጽፍ ማረስ የተከለከለበትን የአየርላንድ ማሳ እያሰበ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛው ጉዞ በመሬት ላይ ስላለው ሕይወት ሳያውቁ ሕዝብን ለማስተዳደር የሚሞክሩትን ይነካል። ላፑታ በአየር ላይ የምትንሳፈፍ ደሴት ናት፤ ከታች ያለ ከተማ ሲያምፅ ንጉሡ ደሴቲቱን በላዩ አቁሞ ፀሐይና ዝናብ ይከለክለዋል። በዋናው ምድር ባለችው የላጋዶ አካዳሚ ደግሞ ሊቃውንት ከኪያር የፀሐይ ብርሃን ለማውጣት ይደክማሉ። አንዱ ሊቅ ያለ ሞፈርና ያለ በሬ የሚታረስበትን ዘዴ አግኝቷል፤ በማሳው ውስጥ የኦክ ዛፍ ፍሬና ሌላም አሳማ የሚወድደው ምግብ እየተቀበረ አሳማዎች ይለቀቁበታል፣ እነርሱም ሲቆፍሩ መሬቱ ይለሰልሳል። ወጪው ብዙ፣ ምርቱ ግን ከንቱ ሆኖ ይገኛል። ቀድሞ ለም የነበረው እርሻ በአዳዲስ እቅድ ተበላሽቶ ሕዝቡ ቡቱቶ ለብሶ ይታያል። በዚህ ክፍል ሊንዳሊኖ ስለምትባል ከተማ የተሳካ ዐመፅ የሚናገር ታሪክ ነበር፤ ስሟ የደብሊን ምስል መሆኑ ግልጽ ስለሆነ አታሚዎች ፈርተው አስቀሩት። ታሪኩ በኅትመት የወጣው በ1899 ነው።

በመጨረሻው ጉዞ አስተዋይ ፈረሶች የሚገዙት አገር ይገጥመዋል። በዚያ አገር የሰው መልክ ያላቸው፣ ስግብግብና ቆሻሻ ፍጥረታት ያሁ ይባላሉ። ጉሊቨር ራሱን ከፈረሶች ጋር ሊቆጥር ይፈልጋል፤ መልኩ ግን ከያሁዎች ወገን መሆኑን ይመሰክርበታል። ወደ አገሩ ሲመለስ የሚስቱና የልጆቹ ሽታ ያስጠላው ነበር። ብዙ ሰዎች በዚህ ክፍል ስዊፍትን የሰው ጠላት ብለውታል። ሌሎች ደግሞ የተሳለቀበት ሰው ከሁሉ የተሻልሁ ነኝ ብሎ የሚታበየው ጉሊቨር ራሱ ነው ይላሉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ያሁ የሚለው ቃል ግን በኋላ ዘመን የታዋቂ የኢንተርኔት ድርጅት ስም ለመሆን በቅቷል።

በረሃብ ዘመን የቀረበ ምክር

ከ1727 ጀምሮ በአየርላንድ አዝመራው በተከታታይ ከሸፈ። ገበሬዎች ለዘር ያስቀመጡትን እህል በሉ፤ ቤተሰቦች ቀዬአቸውን ለቀው በየጎዳናው ፈሰሱ። ስዊፍት ለዓመታት የመከራቸውን ምክሮች የሰማ ሹም አልነበረም። በ1729 ያሳተመው ትንሽ ጽሑፍ ያን ጊዜ መጣ።

ጽሑፉ የሚጀምረው እንደ አንድ አዛኝና አዋቂ የመንግሥት አማካሪ በረጋ ድምፅ ነው። የድሆችን ልጆች ቁጥር ያሰላል፣ የቀለባቸውን ወጪ ይደምራል፣ ከዚያም በዚያው በረጋ ድምፅ ሕፃናቱ አንድ ዓመት ሲሞላቸው ለባለጸጎች ማዕድ ሥጋ ሆነው ይሸጡ ሲል ይመክራል። ዋጋውን ይተምናል፣ የአሠራሩን ዓይነት ይዘረዝራል፣ ለአገር የሚያስገኘውን ጥቅም በተራ ቁጥር ያስቀምጣል። አንባቢው ይዘገንነዋል፤ ሲዘገንነው ደግሞ ሰሙ ተላጥቶ ወርቁ ይታየዋል። ባለርስቶች በግብርና በኪራይ ወላጆችን ከበሉ ቆይተዋል፤ አሁን ልጆቹን ቢበሉ ምን ይደንቃል ማለቱ ነው። ወደ መጨረሻው አማካሪው ሌላ መፍትሔ እንዳይነሣበት ይከለክላል፤ በውጭ በሚኖሩ ባለርስቶች ላይ ቀረጥ መጣል፣ የአገርን ምርት መጠቀም፣ ባለርስት ለጭሰኛው እንዲራራ ማስተማር የማይሞከር ነገር ነው ይላል። እነዚያ ክልክል የተባሉት ስዊፍት ራሱ ዕድሜውን ሙሉ የታገለላቸው ምክሮች ናቸው።

ካህኑና ሰውየው

ስዊፍት የጻፈው ለሁሉም እንዲገባ ነበር። አታሚው ጆርጅ ፎክነር በ1735 ሥራዎቹን በደብሊን ሰብስቦ ሲያሳትም፣ ስዊፍት ሁለት አገልጋዮቹን አስቀምጦ ጽሑፉ እየተነበበ እንዲሰሙ ያደርግ ነበር። እነርሱ ያልገባቸው ዐረፍተ ነገር ካለ እስኪገባቸው ድረስ ያርመዋል።

ከገቢው ለድሆች ይሰጥ ነበር። ለእደ ጥበብ ሠራተኞችና ለትናንሽ ነጋዴዎች መነሻ ገንዘብ ያለ ወለድ ያበድራል፤ እነርሱም በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይመልሱለታል። ለራሱ ግን ቆጣቢ ነበር።

ነቀፋ የሌለበት ሰው ግን አልነበረም። የነጻነት ጥያቄው የካቶሊኩን ብዙኃን ሕዝብ መብት በሕግ እስከ ማስመለስ አልደረሰም፤ ከራሱ ቤተ ክርስቲያን ውጭ የነበሩ ፕሮቴስታንቶችም ሥልጣን እንዳያገኙ የሚከለክለውን ሕግ ደግፎ ተከራክሯል። በ1737 ባሳተመው ጽሑፍ ለማኞች የአጥቢያቸውን ምልክት በልብሳቸው ላይ እንዲያደርጉ፣ ከሌላ አጥቢያ የመጡትም እንዲባረሩ በጠነከረ ቃል ጠይቋል። ለድሃ የሚራራ ልቡና ድሃን የሚገሥጽ ምላሱ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ኖረዋል።

በፍቅር ሕይወቱም ሐዘን በዝቶበታል። ኤስተር ቫንሆምሪ የምትባል፣ እርሱ ቫኔሳ ያላት ሌላ ሴት አጥብቃ ወድዳው ከለንደን እስከ አየርላንድ ተከትላዋለች፤ በ1723 ልቧ እንደ ተሰበረ በወጣትነቷ ሞተች። ስቴላም በጥር 1728 አረፈች። ስዊፍት በዚያ ሌሊት ስለ እርሷ መጻፍ ጀመረ፤ በቀብሯ ላይ ግን ለመገኘት አቅም አጣ። በምስጢር ተጋብተው ነበር የሚል ወሬ ቢኖርም የተረጋገጠ ነገር የለም።

የመጨረሻው ስጦታ

ከጊዜ ወደ ጊዜ ሕመሙ በረታ። መስማት ተሳነው፣ ትዝታው ሸሸ፣ ወዳጆቹን መለየት አቃተው። በ1742 ራሱንና ንብረቱን ማስተዳደር እንደማይችል በሕግ ተወስኖ ጠባቂ ተሾመለት። በብዕሩ ነገሥታትን ያስደነገጠው ሰው የመጨረሻ ዓመታቱን በዝምታ አሳለፈ። ጥቅምት 19 ቀን 1745 በ77 ዓመቱ ዐረፈ፤ በካቴድራሉ ውስጥ ከስቴላ አጠገብ ተቀበረ። ለመቃብሩ የሚሆነውን የላቲን ጽሑፍ ቀድሞ ራሱ አዘጋጅቶት ነበር፤ በእርሱም ልቡን ሲያቆስለው ከኖረው ቁጣ ማረፉን፣ ለነጻነት መታገሉንም እንዲያስታውሱለት መንገደኞችን ይማጸናል።

አእምሮው ሳይደክም በ1740 የጻፈው ኑዛዜ ሲከፈት፣ 12,000 ፓውንድ ያህል የሚሆነው ሀብቱ አብዛኛው የአእምሮ ሕሙማን የሚታከሙበት ሆስፒታል እንዲሠራበት ተናዝዞ ተገኘ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ ሕሙማን በአየርላንድ የሚታሰሩ ወይም በየመንገዱ የሚንከራተቱ ነበሩ። የቅዱስ ፓትሪክ ሆስፒታል በ1757 ሕሙማንን መቀበል ጀመረ፤ ዛሬም በደብሊን ከተማ አገልግሎቱን እየሰጠ ይገኛል።